የባሮን አክሊልና «ቢ» ፊደል ያለበት የጉዞ መዋቢያ ሣጥን፦ የሎርድ ባይረን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን እንግሊዝ አገር የሚኖሩ እህት ናቸው። ለዓመታት የተንከባከቧቸው እንግሊዛዊት አዛውንት ሲያርፉ አንድ የጉዞ መዋቢያ ሣጥን በኑዛዜ ትተውላቸዋል። ሣጥኑ ከጥቁር እንጨት ተሠርቶ ጠርዙ በነሐስ ተለብጧል፣ ክዳኑ ውስጥ መስታወት አለው። ውስጡ በከፈይ የተለበጡ ጎጆዎች (ዕቃ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች) ያሉት ሲሆን ወርቃማ ክዳን ያላቸው 11 የብርጭቆ ዕቃዎች፣ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያላቸው ሁለት ምላጮች፣ የጺም ብሩሽና ጥቃቅን መሣሪያዎች ተደርድረውበታል። ክዳኖቹ ላይ የእንግሊዝኛው «ቢ» ፊደል፣ ከላዩም አራት ኳስ ያለው አክሊል ተቀርጿል። ሟቿ «የሎርድ ባይረን ነበር» ይሉ ነበር። ዘጠኙ ክዳኖች ላይ የሚራመድ አንበሳ፣ የነብር ፊት፣ ወደ ግራ የምታይ የሴት ራስና ትንሽ «ኤ» የምትመስል ፊደል ተመትቷል፤ ሁለቱ ላይ ግን ይህ የለም። ከታች ያለው መሳቢያ አይከፈትም፣ ቁልፍም የለውም። ጥያቄያቸው፦ እውነት የባይረን ነው ወይ? እንዴት ይጸዳል? መሸጥስ ይቻላል?

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ እስካሁን ካልወለወሉት እባክዎ አይወልውሉት። ሣጥኑ የማን እንደነበረ የሚመሰክረው ነገር አብዛኛው ያለው በወርቅ ቅቡ ላይና በተቀረጸው ፊደል ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የብር መወልወያ ይዞ አንድ ከሰዓት የተቀመጠ ሰው ያን ምስክር ጠርጎ ሊያጠፋው ይችላል። ስለ ጽዳቱ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ምልክቶቹን በትክክል አንብበዋቸው ከሆነ፣ ክዳኖቹ የተሠሩበት ወርቅ የተቀባ ብር ለንደን ውስጥ ተፈትኖ ማኅተም የተመታበት ከ1856 ሜይ መጨረሻ እስከ 1857 ሜይ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ገጣሚው ሎርድ ባይረን ያረፈው ግሪክ አገር፣ ሚሶሎንጊ ከተማ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1824 ነው። ስለዚህ የገጣሚው አይደለም። አዛውንቷ ግን ተሳስተዋል ለማለት አይቸኩሉ። «ሎርድ ባይረን» ማዕረግ ነው፤ ገጣሚው ስድስተኛው ነበር፣ በ1856 ደግሞ ሰባተኛው ሎርድ ባይረን በሕይወት ነበሩ። በቤተሰብ ሲወርድ የመጣ ወሬ ብዙ ጊዜ ስሙን በትክክል ይይዝና ሰውየውን ይስታል፤ እዚህም እንዲያ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ማኅተሞቹ። የሚራመደው አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ያረጋግጣል። አገር ቤት አንጥረኛ ሲያቀልጠው የኖረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከ1000 እጅ 833 ገደማ ነው፤ የእንግሊዙ ከጠገራው ይለሰልሳል፣ ሲፈተግም ቶሎ ይበላል። የነብር ፊት ለንደን ውስጥ መፈተኑን ያሳያል። በርሚንግሃም ቢሆን መልሕቅ፣ ሼፊልድ ቢሆን ዘውድ፣ ኤዲንብራ ቢሆን ግንብ ያዩ ነበር። የሴቲቱ ራስ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ለብሩ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ ማኅተም ሲሆን፣ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ መምታት የተጀመረው በ1784፣ የቀረው በ1890 ነው።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአራተኛው፣ በትንሿ ፊደል ላይ ነው። የለንደኑ ፈታኝ ቢሮ በየዓመቱ ሜይ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይቀይር ነበር። ከ«ኤ» እስከ «ዩ»፣ «ጄ»ን ዘሎ፣ 20 ፊደል ይጠቀማል፤ 20ው ሲያልቅ የፊደሉን መልክ ለውጦ ከ«ኤ» ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ትንሿ «ኤ» በ1816 በተራ የኅትመት መልክ፣ በ1856 በጎቲክ መልክ (የድሮ የጀርመን መጽሐፍ ላይ እንደሚታየው ማዕዘን የበዛበት አጻጻፍ)፣ በ1896 እንደገና በኅትመት መልክ መጥታለች። ሦስቱን የሚያምታታ ሰው 40 ወይም 80 ዓመት ይስታል። መለያው ጎረቤቶቿ ናቸው። እስከ 1821 ድረስ ነብሩ ዘውድ ይደፋ ነበር፤ ስለዚህ የ1816ቷ «ኤ» ዘውድ ከደፋ ነብርና ከወንድ ንጉሥ ራስ ጋር ትሆናለች። የ1856ቷ ዘውድ ከሌለው ነብርና ከቪክቶሪያ ጋር ናት። የ1896ቷ ምንም ራስ የላትም፣ ቀረጡ ከስድስት ዓመት በፊት ቀርቷልና። እርስዎ የሴት ራስ ካዩ ሌላ አማራጭ የለም።

ይህን ለማረጋገጥ 10 እጥፍ የሚያጎላ የአንጥረኛ መነጽር ያስፈልግዎታል። ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጡት፤ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ በዝቅታ ያምጡት፤ ጥላው የተበላውን ማኅተም ያወጣዋል። ማኅተሙን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በክዳኑ የውስጥ ጠርዝ ወይም ጎን ላይ ነው። ከአራቱ አጠገብ በአነስተኛ ጋሻ ውስጥ ሁለት ሦስት ፊደል ካለ የብር ሠሪው ስም ነው፣ እሱንም ፎቶ ያንሱት። ሁሉም ክዳኖች አንድ ሠሪና አንድ ዓመት ከያዙ ስብስቡ ከመጀመሪያው አብሮ የተሠራ ነው ማለት ነው።

ምናልባት መነጽሩ ሌላ ነገር ካሳየ፣ ማለትም ነብሩ ዘውድ ካለውና ራሱ የወንድ ከሆነ፣ ሣጥኑ የ1816 ነው። ያኔም ቢሆን ለገጣሚው ማድረጉ ይከብዳል። ባይረን እንግሊዝን ጥሎ ከዶቨር ወደብ የተነሣው ኤፕሪል 25 ቀን 1816 ነው፣ በሕይወትም አልተመለሰም። የዚያ ዓመት «ኤ» መመታት የጀመረችው ደግሞ እሱ ከሄደ ከአንድ ወር በኋላ ነው። አስልኮ ሊሆን ይችላል የሚል ሰው የላከበትን ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ማምጣት አለበት።

ሁለቱን ማኅተም የሌላቸውን ክዳኖች ለብቻ ያውጧቸው። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ» የሚሉ አራት ፊደሎች ካሉባቸው ብር አይደሉም፤ ኒኬል በሚገባበት ቅይጥ ላይ በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ነው። ይህ ዘዴ ኤልኪንግተን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ባወጣው ፓተንት (የፈጠራ መብት) የተስፋፋው ከ1840 ወዲህ ነው። ማግኔት አይፍረድልዎ፤ ብርም ይህ ቅይጥም በማግኔት አይሳቡም። ይልቅ ጠርዙና ብዙ የተነካካው ቦታ ላይ ከሥር ቢጫማ ወይም ቀይ ብረት ብቅ ማለቱን ይዩ። ከዚያ ክዳኑን በብርጭቆው ላይ፣ ብርጭቆውንም በጎጆው ውስጥ ያስቀምጡ። እነዚህ ሣጥኖች ሲሠሩ እያንዳንዱ ጎጆ ለራሱ ዕቃ ተለክቶ ነው፤ የመጀመሪያው ዕቃ ሲገባ ሳይንገዋለል ቁጭ ይላል፣ ከፈዩም ላይ ለረጅም ዘመን የተጫነው አሻራ ይገጥመዋል። ተተኪው ወይ ይንቀጠቀጣል ወይ ይጨናነቃል። ሁለት ተተኪ ክዳን መኖሩ ሣጥኑን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ በጉዞ ላይ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ባለቤቱም ያስተካል። ሻጭ ሆነው ሲናገሩ ግን ሊደብቁት አይገባም።

አሁን ፊደሉና አክሊሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቢ» የማን ናት የሚለው አይደለም፤ መቼ ተቀረጸች የሚለው ነው። ክዳኖችዎ ወርቅ የተቀባ ብር ናቸው። ቀራጩ ፊደሉን ያወጣው ወርቁ ከመቀባቱ በፊት ከሆነ፣ በመነጽር ሲታይ ወርቁ ወደ ጎድጓዳው ታች ድረስ ገብቷል። በኋላ ላይ ከሆነ መቅረጫው ወርቁን በጥሶ ስለሚያልፍ በፊደሉ እግር ውስጥ ነጭ ወይም የጠቆረ ብር ይታያል። ነጭ መስመር ካዩ ፊደሉ ለሁለተኛ ባለቤት ወይም ለሻጭ ጥቅም ሲባል የተጨመረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ፈተና አለ፦ ክዳኑ ላይ እስትንፋስዎን «ሃ» ብለው ይልቀቁበት። ቀድሞ የነበረ ፊደል ተፍቆ ከሆነ ጉሙ ሲነሣ የድሮው ጥላ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቅ ይላል። የተፈቀበት ቦታ ይሳሳል፤ በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ሲጫኑት ከዙሪያው ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባል።

አራት ኳስ ያለው አክሊል ትልቅ ነገር ይነግረናል። በእንግሊዝ የመኳንንት ሥርዓት ዝቅተኛው ማዕረግ ባሮን ስድስት ኳስ ይይዛል፣ በሥዕል አራቱ ይታያሉ። ቫይካውንት 16 ኳስ ሲኖረው የሚታዩት ዘጠኝ ወይም ሰባት ናቸው። ኧርል ኳሶቹ ረጃጅም ሹሎች ላይ ቆመው አምስቱ ይታያሉ፣ በመካከላቸውም ቅጠል አለ። ማርኩዊስ ቅጠልና ኳስ ያፈራርቃል፤ ዱክ ኳስ የለውም፣ ቅጠል ብቻ። ስለዚህ የሣጥንዎ ባለቤት የነበሩት ባሮን ወይም የባሮን ሚስት ናቸው። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ባላባቱ የሚፈርመው በማዕረጉ ነው፣ በአባቱ ስም አይደለም። ገጣሚው የተወለደው ጆርጅ ጎርደን ባይረን ተብሎ ነው፤ በ10 ዓመቱ፣ በ1798፣ ማዕረጉን ሲወርስ ፊርማው «ባይረን» ብቻ ሆነ። ከ1822 ጀምሮ ደግሞ በአማቱ ውርስ ምክንያት «ኖኤል ባይረን» እያለ ፈረመ። አንዲት ፊደልና አክሊል ማግኘትዎ ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል።

ይሁን እንጂ በ1856 ማዕረጋቸው በ«ቢ» የሚጀምር ባሮኖች ብዙ ነበሩ፦ ባጎት፣ በርዊክ፣ ቦልተን፣ ብሬይብሩክ፣ ብሩሃም፣ ባይረን፣ ሌሎችም። ከእነዚህ ባይረንን ለመለየት የሚያስፈልገው የቤተሰብ ዓርማ ነው። የባይረኖች ዓርማ አናት ላይ ያለችው በአንድ እጇ ማበጠሪያ፣ በሌላው መስታወት የያዘች ዓሣ ጅራት ያላት ሴት ናት። ለመዋቢያ ሣጥን ከዚህ የሚስማማ ሥዕል አይገኝም። ከሥሯ በላቲን «ባይረንን እመን» የሚል ጥቅስ ያለበት ጥብጣብ ሊኖር ይችላል። ጋሻው ላይ ደግሞ በነጭ መደብ ወደ ላይኛው ጥግ የተጠጉ ሦስት ሰያፍ ቀይ መስመሮች አሉ። ቀራጮች ይህን የሚያወጡት በክዳኑ መሀል ባለች የነሐስ ሰሌዳ፣ በምላጩ ሽፋን፣ በብሩሾቹ ጀርባ ወይም በትልቁ የሳሙና ዕቃ ላይ ነው። እርስዎ እስካሁን ክዳኖቹን ብቻ ይመስለኛል ያዩት። ዓሣ ጅራት ያላት ሴት በሌሎች ቤተሰቦችም ዓርማ ላይ ስላለች ለብቻዋ አትበቃም፤ ከ«ቢ»ና ከባሮን አክሊል ጋር ከተገኘች ግን ነገሩ ወደ ባይረን ቤት ያጋድላል።

ያኔም እንኳ በ1856 የሚታሰቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሰባተኛው ባሮን ጆርጅ አንሰን ባይረን፣ የገጣሚው የአጎት ልጅ። የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ ለንደን ውስጥ የሞቱትን የሃዋይ ንጉሥ ካሜሃሜሃ ሁለተኛንና የንግሥቲቱን አስከሬን በ1824 እና 1825 ብሎንድ በተባለችው የጦር መርከብ አገራቸው ያደረሱት እሳቸው ናቸው። በኋላ በንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት አገልግለው በ1868 አረፉ። ሁለተኛዋ የእሳቸው ባለቤት ናቸው። ሦስተኛዋ የገጣሚው መበለት አን ኢዛቤላ፣ እስከ 1860 የኖሩት «ሌዲ ባይረን»፤ እሳቸው ግን «ኖኤል ባይረን» ብለው ይጽፉ ስለነበር ሁለት ፊደል ይጠበቅ ነበር። አክሊሉና «ቢ»ዋ በባልና በሚስት መካከል አይለዩም። የሚለየው ውስጡ ያለው ዕቃ ነው፦ ምላጭ፣ የጺም ብሩሽና ምላጭ የሚሳልበት ቆዳ የወንድ ሣጥን ነው። የሴት ቢሆን የፀጉር ሹካ ዕቃ፣ የቅባት ማሰሮዎችና ለጌጥ የሚሆን መሳቢያ ይበዙ ነበር። ምላጮቹ የመጀመሪያው ጎጆ ውስጥ በትክክል የሚገጥሙ ከሆነ በእኔ ግምት ሰባተኛው ባሮን ከሁሉ የሚቀርቡ ናቸው። ይህ ግን ግምት ነው፣ ማረጋገጫው ወረቀት ነው።

ምላጮቹን በተመለከተ ወገባቸው ላይ የሳምንቱ ቀን ስም ተጽፎ እንደሆነ ይዩ። የሰባት ቀን ስብስብ የሚባል ነበር፤ ስለቱ እንዲያርፍ በየቀኑ ሌላ ምላጭ ይወሰዳል። ሁለት ብቻ ቀርተው «ማክሰኞ»ና «ቅዳሜ» ቢሉ አምስት ጎድለዋል ማለት ነው። ከጥቃቅኖቹ መሣሪያዎች መካከል ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነው የጆሮ ኩክ ማውጫ ነው፤ አገር ቤት እናቶቻችን በአንገታቸው ማተብ ላይ ከሚያንጠለጥሉት የብር ኩክ ማውጫ ጋር ሥራው አንድ ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈው የጫማ ወይም የጓንት አዝራር መጎተቻ ነው፤ ጥርስ ያለው ሞረድ ነው፤ ወረንጦው ራሱን ይነግርዎታል።

ፊደልና ዘውድ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ ልስጥ። በፈረንሳይ ገበያ «ኤን» ፊደልና የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ያለበት የመዋቢያ ዕቃ ሲወጣ ሁሉም ናፖሊዮን ቦናፓርት ይላል። ነገር ግን የወንድሙ ልጅ ናፖሊዮን ሦስተኛም ከ1852 እስከ 1870 በዚሁ ፊደልና ዘውድ ገዝቷል። ሁለቱን የሚለየው የብር ማኅተሙ ነው። ከ1798 እስከ 1819 የፈረንሳይ ብር ላይ አውራ ዶሮ ይመታ ነበር፤ ከ1838 ወዲህ ደግሞ የሚነርቫ (የጥንት ሮማውያን ሴት አምላክ) ራስ። ሚነርቫ ያለበት «ኤን» የቀዳማዊው ሊሆን አይችልም። የቀዳማዊውን የመዋቢያ ሣጥኖች የሠራው ማርተን ጊዮም ቢየኔ ነው፤ ሱቁ ፓሪስ፣ ሩ ሴንት ኦኖሬ ላይ «ሐምራዊው ዝንጀሮ» ተብሎ ይጠራ ነበር፣ የሠሪው ማኅተም ውስጥም ዝንጀሮ አለች። የፈረንሳይ ንግሥት የማሪ አንቷኔት የጉዞ ሣጥን ደግሞ የሚታወቀው በወረቀት ነው። የቤተ መንግሥት አገልጋይዋ ማዳም ካምፓን እንደጻፈችው ንግሥቲቱ ከ1791 ሽሽቷ በፊት ሣጥኑን ለብራስልስ እህቷ በስጦታ ስም አስቀድማ ለመላክ መፈለጓ ጥርጣሬ ቀስቅሶ ነበር። ይህች ንግሥት በነገራችን ላይ በጠገራው ብር ላይ ምስሏ ያለው የማርያ ቴሬዛ ልጅ ናት። የሣጥኗ ባለቤትነት የጸናው ዕቃውን ከእሷ ጋር የሚያያይዝ በዘመኑ የተጻፈ ነገር ስላለ ነው።

እርስዎም ወረቀት ይፈልጉ። ቅደም ተከተሉ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። መጀመሪያ የአዛውንቷን ኑዛዜ አስፈጻሚ ይጠይቁ፤ የድሮ የኢንሹራንስ ዝርዝር፣ የጨረታ ደረሰኝ፣ ሣጥኑ የሚታይበት ፎቶ ካለ ቅጂ ይውሰዱ። አዛውንቷ የነገሩዎትን እርስዎ ራስዎ ዛሬውኑ ይጻፉት፤ መቼ፣ በምን ቃል፣ ከማን ሰማሁ እንዳሉ፣ ቀን አድርገው ይፈርሙበት። ከዚያ የአዛውንቷን ወላጆችና አያቶች ስም ይያዙ፤ ወደ ባይረን ቤት የሚወስድ ጋብቻ ወይም የቤት አገልግሎት ካለ ድልድዩ እሱ ነው። ከጃንዋሪ 1858 ወዲህ የጸደቁ የእንግሊዝና የዌልስ ኑዛዜዎች ለማንም ሰው በክፍያ ይገኛሉ፤ ሰባተኛው ባሮን በ1868 ስላረፉ የእሳቸውም እዚያ ይፈለጋል። የገጣሚው መበለትና የልጇ የአዳ ላቭሌስ ቤተሰብ ወረቀቶች ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የገጣሚው አሳታሚ የመሬይ ቤት መዝገብ ኤዲንብራ፣ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ኖቲንግሃም አጠገብ ያለው ኒውስቴድ አቢ፣ የባይረኖች የድሮ ቤት፣ የባይረን ዕቃዎችን ይዟል። ሲጽፉላቸው «የባይረን ሣጥን አለኝ» ብለው አይጀምሩ፤ ማኅተሙን፣ የአክሊሉንና የዓርማውን ፎቶ፣ የሣጥኑን ልክ በሚሊ ሜትር ይላኩ።

የሣጥኑ የቁልፍ ቤት ሰሌዳና የውስጡ ቆዳም ይነበቡ። ሻጩ ስሙንና አድራሻውን በወርቅ ማኅተም ያትም ነበር፤ ሱቅ አድራሻ ሲቀይር ዓመቱ ስለሚታወቅ አድራሻ ብቻውን ቀን ይሰጣል። ለምሳሌ አስፕሬ የተባለው የለንደን ሱቅ ወደ ኒው ቦንድ ስትሪት 167 ቁጥር የገባው በ1847 ነው፣ ስለዚህ ያ አድራሻ ያለበት ሣጥን ከዚያ አይቀድምም።

ወደ ጽዳቱ። ከመጀመርዎ በፊት የናይትሪል ጓንት ያድርጉ። ማሰሮዎቹ ውስጥ የደረቀ ነጭ ዱቄት ወይም ቅባት ካለ አይነካኩት፣ አያሽቱት። የዚያን ዘመን የፊት ቀለሞች የእርሳስ ነጭ፣ አንዳንዱም ሜርኩሪ ነበረባቸው። መስታወቱም ይታይ፦ ሥሩ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ጠብታዎችና ግራጫ ብጉር ካለ ጀርባው የቆርቆሮና የሜርኩሪ ቅብ ነው። እንዲህ ያለ መስታወት ከክፈፉ አይወጣም፣ አይወለወልም፤ ክፍሉን አየር ያስገቡበት፣ በልጆች አጠገብ አይቀመጥ።

ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ባለ የድኝ ጋዝ ነው። ሱፍ፣ ላስቲክና የእንቁላል ምግብ ያባብሱታል። ወርቅ የተቀባው ክዳን ግን ሊወለወል አይገባም፤ የወርቁ ውፍረት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፣ የጠፋ ወርቅ አይመለስም። በ200 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ሽታ አልባ የሳህን ሳሙና ጨምረው፣ የጥጥ እንጨት በጥቂቱ አርሰው ብሩን ብቻ ያብሱ፤ በንጹሕ ዲስቲልድ ውኃ በራሰ ሌላ ጥጥ ይድገሙት፣ ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁ። ወርቅ ያልተቀባ ብር ላይ የከበደ ጥቁረት ካለ የተጣራ የጠመኔ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) በውኃ ለውሰው በክብ ሳይሆን በቀጥታ መስመር፣ ማኅተሙንና ፊደሉን እየሸሹ ይሹት። የጥርስ ሳሙና ይቧጭራል። የሚነከርበት የብር ፈሳሽ የላይኛውን ብር ያሟሟል። አሉሚኒየም ወረቀትና ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ውኃ ውስጥ መንከር ስለሚጠይቅ ለእነዚህ ዕቃዎች ፈጽሞ አይሆንም፦ የብር አንገቱ ብርጭቆው ላይ የተጣበቀው በጂፕሰም ወይም በሙጫ ነው፣ ውኃ ሲገባበት ይላቀቃል፣ ሙቅ ከሆነም ብርጭቆው ይሰነጠቃል።

የተጣበቀ የብርጭቆ ውታፍ ካለ በመቆንጠጫ አይያዙ። ሁለት ጠብታ ግሊሰሪን ዙሪያውን ጣል አድርገው አንድ ሌሊት ይተዉት፤ ጠዋት በእጅዎ ሙቀት አንገቱን ይያዙና በእንጨት ማንኪያ እጀታ ከጎን ቀስ ብለው ኳ ኳ ያድርጉት። እንጨቱ ሼላክ በተባለ ሙጫ የተወለወለ ነው፣ አልኮልና ሽቶ ያሟሙታል። የዝሆን ጥርሱ ውኃ አይወድም፣ ይሰነጠቃል፤ በደረቅ ጥጥ ብቻ። ነሐሱ ከቆዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ሰም የሚመስል ነገር ካለ በእንጨት ስንጥር ይፋቅ። ከፈዩን የሴት ስቶኪንግ በአፉ ላይ በታሰረበት ቫኪዩም፣ በዝቅተኛው ኃይል። ምላጩ ላይ ስስ የማዕድን ዘይት። ሣጥኑ ከራዲያተር ይራቅ፤ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሽያጩን በተመለከተ፣ የዝሆን ጥርሱ ነው ነገሩን የሚያከብደው። በብሪታንያ የ2018ቱ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከጁን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። መውረስና ቤትዎ ማስቀመጥ አይከለከልም፤ መሸጥና ለሽያጭ ማስተዋወቅ ግን ቀድሞ ምዝገባ ይፈልጋል። ከ1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ ከጠቅላላው መጠን ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ መመዝገብ ይችላል፣ ክፍያው 20 ፓውንድ ነው። ምላጩን ለብቻው ነጥለው ቢሸጡ እጀታው ከ10 በመቶ ስለሚያልፍ ይከለከላል፤ ስለዚህ ማንም «ለየብቻ ብትሸጪው ይሻላል» ቢልዎ አይስሙ። መጀመሪያ ግን እውነት የዝሆን ጥርስ መሆኑን ያረጋግጡ፦ የተቆረጠው ጫፍ ላይ እርስ በርስ የሚቋረጡ ስስ መስመሮች ካሉ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ አጥንት፤ ቀጥ ያሉ እኩል መስመሮች ሆነው በጣት ሲታሹ ካምፎር ከሸተቱ ሴሉሎይድ። የጋለ መርፌ አይሞክሩ፣ ሴሉሎይድ እሳት ይይዛል። ሣጥኑን ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ ካሰቡም የሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ሳያወጡ ከአገር አያስወጡት።

የተቆለፈው መሳቢያ የመጨረሻው ነው፣ ምናልባትም ዋናው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መሳቢያዎች ቁልፍ ኖሯቸው አያውቁም። ክዳኑን ከፍተው በጎን ግድግዳው ጠርዝ፣ ከጎጆዎቹ አጠገብ፣ ወደ ላይ የሚሳብ የነሐስ ስፒል ወይም የሚጫን ትንሽ ቁልፍ ይፈልጉ፤ ሲነካ ስፕሪንጉ መሳቢያውን ራሱ ያስወጣዋል። ስፕሪንጉ ደክሞ ከሆነ ስፒሉን እንደሳቡ ሣጥኑን ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉት። በቢላ አይጎርጉሩ፣ የእንጨቱ ልብስ ይላጣል። ክብ ቀዳዳ ያለው የብራማ (የእንግሊዛዊው ቁልፍ ሠሪ ፈጠራ) ቁልፍ ቤት ከሆነ ግን በሽቦ አይሞክሩት። በ1790 ፒካዲሊ 124 ቁጥር ባለው ሱቅ መስኮት ላይ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ተብሎ የተሰቀለውን የብራማ ቁልፍ ለመክፈት በ1851 አሜሪካዊው ቁልፍ ሠሪ ሆብስ 51 ሰዓት ፈጅቶበታል። የድሮ ቁልፍ የሚቀርጽ ሠራተኛ ዘንድ ሣጥኑን ሙሉውን ይውሰዱ።

ሲከፈት ውስጡ ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ የፀጉር ቁራጭ ወይም ካርድ ቢኖር ሳይነኩት ባለበት ፎቶ ያንሱት፣ ከዚያም ሁለተኛ ፎቶ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው። የተጣጠፈ ወረቀት አይዘርጉ፤ እንደታጠፈ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል አድርገው ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ያሳዩ። የመስታወቱ ጀርባ ያለው የቆዳ ኪስም መፈተሽ አለበት፤ ደብዳቤ የሚቀመጠው እዚያ ነበር።